ምክትል አገረ ገዥን ራሳችን ስንመርጥ፦ በቨርጂኒያ ለሚኖሩ መራጮች የተዘጋጀ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት እናት ድምፅ እንዲሰጡ በረዳትነት ይዣቸው ሄጄ ነበር። ለአገረ ገዥነት የሚፈልጉትን ዕጩ ስም ካገኙ በኋላ ከጎኑ ያለውን ሞላላ ክብ በጥንቃቄ አጠቆሩና ወረቀቱን ይዘው ተነሡ። ከሥሩ ያለው ክፍል ባዶ መሆኑን ሳመለክታቸው «ልጄ፣ አለቃውን መርጫለሁ፤ ምክትሉን እሱ ይሹመው» አሉኝ። እኒህ እናት የተናገሩት ከኖሩበት ልማድ ነው፤ በአገራችን ምክትል ይሾማል እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። በቨርጂኒያ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ምክትል አገረ ገዥው፣ በአሜሪካውያኑ አጠራር ሌተናንት ገቨርነር፣ ከአገረ ገዥው ተለይቶ በራሱ ድምፅ ይመረጣል፤ ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ሊመጡም ይችላሉ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ መራጩ ሕዝብ ለአገረ ገዥነት ዴሞክራቱን ቲም ኬንን፣ ለምክትልነት ደግሞ ሪፐብሊካኑን ቢል ቦሊንግን መርጦ ሁለቱ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል ባዶ የሚተው ሰው ምርጫውን ለአገረ ገዥው አላስተላለፈም፤ ለሌሎች መራጮች ነው የተወላቸው።

ይህ መመሪያ ከምዝገባ ጀምሮ ድምፅ እስኪቆጠር ድረስ ያለውን ሂደት በቅደም ተከተል ያስረዳል። የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፦ ሹመቱ ምን ያደርጋል?

የቨርጂኒያ ምክትል አገረ ገዥ በሕገ መንግሥቱ የተሰጡት ሥራዎች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው፣ 40 አባላት ያሉትን የግዛቲቱን ሴኔት በሰብሳቢነት መምራት ነው። ሁለተኛው፣ የሴኔቱ ድምፅ እኩል ሲከፈል የመለያውን ድምፅ መስጠት ነው። ሦስተኛው፣ አገረ ገዥው ቢሞት፣ ቢለቅ ወይም ከሥልጣን ቢነሣ ቦታውን መተካት ነው። ደመወዙ በዓመት 36,321 ዶላር ሲሆን፣ ሥራውም የሙሉ ጊዜ ተደርጎ አይቆጠርም። ይህን የሚሰማ ሰው ቦታውን የክብር ወንበር ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ምክንያቴ የሴኔቱ አሰላለፍ ነው። በ2023 ዓ.ም. ምርጫ ሴኔቱ 21 ለ19 ተከፍሏል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ ከብዙኃኑ ወገን አንድ አባል ወደ ሌላው ቢያዘነብል ድምፁ 20 ለ20 ይሆንና የሕጉ ዕጣ በሰብሳቢው እጅ ይወድቃል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴኔቱ 20 ለ20 ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ ሪፐብሊካኖች ኮሚቴዎቹን ሊቆጣጠሩ የቻሉት ምክትል አገረ ገዥው ቦሊንግ የእነርሱ ፓርቲ አባል ስለነበሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሴኔቱ ዳግም በእኩል ተከፍሎ ሳለ ምክትል አገረ ገዥው ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርታም በመሆናቸው መቆጣጠሪያው ወደ ዴሞክራቶች ተላልፏል።

ሌላም ምክንያት አለ። በቨርጂኒያ አንድ አገረ ገዥ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መመረጥ ስለማይፈቀድለት፣ ምክትሉ አብዛኛውን ጊዜ ለሚቀጥለው ምርጫ ዋና ተፎካካሪ ይሆናል። ዳግላስ ዋይልደር በ1985 ዓ.ም. ምክትል አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ለመሆን በቁ። ኬንና ኖርታምም አገረ ገዥ የሆኑት በዚሁ መንገድ አልፈው ነው። ዛሬ ለምክትልነት የምንመርጠው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ አገረ ገዥ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ይገባል።

በሌላ ግዛት የሚኖሩ አንባቢዎች አስቀድመው የራሳቸውን ግዛት አሠራር ይለዩ። በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ እና በኮሎራዶ አገረ ገዥውና ምክትሉ አብረው በአንድ ድምፅ ይመረጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ክብ ማጥቆር ለሁለቱም ይበቃል። በቴክሳስ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በኔቫዳ፣ በጆርጂያ እና በካሊፎርኒያ ግን እንደ ቨርጂኒያ ለየብቻ ይመረጣሉ። በዋሽንግተን ዲሲ አገረ ገዥም ምክትልም የለም። በተለይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ ቤት የቀየረ ሰው የለመደው የሜሪላንድ ወረቀት እንዳያሳስተው ይጠንቀቅ።

አንደኛ ደረጃ፦ ለመምረጥ ብቁ መሆንን ማረጋገጥ

ለመመዝገብ የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆንና በሚቀጥለው አጠቃላይ ምርጫ ቀን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መብቱ እስኪመለስለት ድረስ መመዝገብ አይችልም።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ አይደለም፤ ስለዚህ መመዝገብም ሆነ መምረጥ የለበትም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ስለሆነ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም መምረጥ በወንጀል ሊያስጠይቅ፣ የዜግነት ማመልከቻን ሊያስጥል፣ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በዲ.ኤም.ቪ. መስኮት ነው። በቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ፣ ባለጉዳዩ እምቢ ካላለ በስተቀር ለመራጭነት ምዝገባ መረጃው ይተላለፋል፤ በዚያው ጊዜም ዜጋ መሆንና አለመሆን ይጠየቃል። ጥያቄውን ሳያነቡ «አዎ» የሚለውን መጫን ቀላል ስሕተት ነው፤ ማረሙ ግን ቀላል አይሆንም። ቋንቋው ለሚያስቸግረው ዘመድ አብሮ መሄድ፣ ያ ካልተቻለም «ዜጋ አይደለሁም» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስጠንቶ መላክ ይጠቅማል።

ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ግን ከምርጫው ጨርሶ የተገለሉ አይደሉም። ለሚደግፉት ዕጩ ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት መሥራት፣ ገንዘብ መለገስ እና ዜጋ የሆኑ ዘመዶቻቸውን ማነቃቃት ይችላሉ። ልገሳው የተፈቀደው ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ መሆኑን ግን ልብ ይሏል፤ ለጉብኝት የመጣ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው መለገስ አይፈቀድለትም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መመዝገብና ስምን ማስተካከል

ምዝገባ በግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ በዲ.ኤም.ቪ. ወይም በየካውንቲውና በየከተማው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ይከናወናል። በዚያው ድረ ገጽ የተመዘገበ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና የምርጫ ጣቢያውን ማየት ይችላል። የምዝገባው ማብቂያ ቀን ለእያንዳንዱ ምርጫ አስቀድሞ ይገለጻል፤ ቀኑ ካለፈም መንገዱ ጨርሶ አይዘጋም። በቨርጂኒያ እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ በአካል ቀርቦ መመዝገብና ፕሮቪዥናል በሚባለው ጊዜያዊ ወረቀት ድምፅ መስጠት ይቻላል። ወረቀቱ የሚቆጠረው ግን የመራጩ ብቁነት በኋላ ከተጣራ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን መንገድ እንደ መጨረሻ አማራጭ መያዝ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ሰው ችግር የሚሆነው የስም ጉዳይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ የአያት ስም ደግሞ አንድ ጊዜ እንደ መካከለኛ ስም፣ ሌላ ጊዜ እንደ መጨረሻ ስም ይጻፋል። አንዱ ወረቀት ላይ «ገብረ» እና «ማርያም» ተለያይተው፣ ሌላው ላይ ተያይዘው ይገኛሉ። «ኃይሉ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ለሰው ዓይን እነዚህ ሁሉ አንድ ስም ናቸው፤ መዝገብን ከመዝገብ ለሚያስተያይ ኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በመሆኑም የምዝገባ ቅጽ ከመሙላት በፊት የዜግነት ምስክር ወረቀትን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድንና መንጃ ፈቃድን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማመሳከር ያስፈልጋል። የሚለያይ ነገር ከተገኘ በዜግነት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጎ ሌሎቹን ማስተካከል የተሻለው መንገድ ነው።

ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዜጋ የሆነ ሰው ይህን ለሶሻል ሴኩሪቲ ጽሕፈት ቤትና ለዲ.ኤም.ቪ. ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። በ2024 ዓ.ም. የወቅቱ አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ባወጡት ትእዛዝ መሠረት፣ ዜጋ አይደሉም ተብለው ወደ 1,600 የሚጠጉ ሰዎች ከመራጮች መዝገብ ተሰርዘዋል፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ስረዛው እንዲጸና ፈቅዷል። ከተሰረዙት መካከል እውነተኛ ዜጎች እንደነበሩ ጋዜጠኞች ሰዎቹን አግኝተው ዘግበዋል። ዲ.ኤም.ቪ. ውስጥ ያለው የቆየ መረጃ ሳይታደስ መቅረቱ እንዲህ ላለ ስረዛ በር ይከፍታል። እኔ በበኩሌ ማንኛውም በዜግነት የገባ ወገን ምርጫ ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት ስሙ በመዝገቡ ላይ መኖሩን በድረ ገጹ እንዲያይ፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረውም ደግሞ እንዲያይ እመክራለሁ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በቅድመ ምርጫው መሳተፍ

ፕራይመሪ የሚባለው የፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ በሰኔ፣ በአሜሪካውያኑ ጁን ወር፣ ይካሄዳል። በቨርጂኒያ መራጭ ሲመዘገብ የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ በቅድመ ምርጫው ቀን ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ድምፅ መስጠት ይችላል። የሁለቱንም መውሰድ ግን አይፈቀድም። በጁን አንዱን መምረጥ በኖቬምበር ለዚያው ፓርቲ ለመምረጥ አያስገድድም።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘልለዋል። ለምክትል አገረ ገዥነት በሚደረገው ፉክክር ግን ዋናው ውሳኔ አንዳንዴ እዚሁ ላይ ያልቃል። በጁን 17 ቀን 2025 በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ስድስት ዕጩዎች ቀርበው፣ ሴናተር ጋዛላ ሃሽሚ ያሸነፉት ከ30 በመቶ ባነሰ ድምፅ ነበር፤ በቨርጂኒያ ዳግም ማጣሪያ ስለሌለ ብዙ ድምፅ ያገኘው ከግማሽ በታች ቢሆንም ያልፋል። ሪፐብሊካኑ ጆን ሪድ ደግሞ ተፎካካሪያቸው በጤና ምክንያት ስለወጡ ያለ ቅድመ ምርጫ ዕጩ ሆነዋል። በኖቬምበር 4 ቀን ሃሽሚ አሸንፈው በጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ፣ ለብዙ ዓመታት በኮሌጅ ያስተማሩ፣ በአሜሪካ በአንድ ሙሉ ግዛት ሕዝብ ድምፅ ለሥልጣን የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት ናቸው። ከእርሳቸው በፊት በ2021 ዓ.ም. የተመረጡት ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ኧርል ሲርስም ጃማይካ የተወለዱ ስደተኛ ነበሩ። ከሁለቱም ፓርቲዎች፣ አንዷ ከሌላዋ ቀጥላ፣ ከውጭ አገር መጥተው በዚህ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ለእኛ ልጆች የሚያሳየው ነገር አለ።

ከቅድመ ምርጫው በፊት በብርዱ ወራት በየገበያ አዳራሹ ደጃፍ የድጋፍ ፊርማ የሚያሰባስቡ ሰዎች ያጋጥማሉ። ለምክትል አገረ ገዥነት የሚወዳደር ሰው ቢያንስ 10,000 የተመዘገቡ መራጮችን ፊርማ፣ ከ11ዱ የኮንግረስ ወረዳዎች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 አድርጎ፣ ማቅረብ ይጠበቅበታል። መፈረም ድምፅ መስጠት አይደለም፤ ዕጩው ለውድድር እንዲቀርብ ብቻ ነው የሚረዳው። የሚፈርመው ግን የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፤ በይሉኝታ ብቻ መፈረም አይገባም።

አራተኛ ደረጃ፦ ዕጩዎቹን መመርመር

ስለ ምክትል አገረ ገዥ ዕጩዎች በቴሌቪዥን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መራጩ ራሱ መፈለግ አለበት። ዕጩው ቀደም ሲል በሴኔት ወይም በተወካዮች ምክር ቤት አባል ከነበረ፣ በየረቂቅ ሕጉ ላይ የሰጠው ድምፅ በምክር ቤቱ የሕግ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ገንዘብ ከማን እንዳገኘ ለማወቅ ደግሞ ቨርጂኒያ ፐብሊክ አክሰስ ፕሮጀክት የተባለው ወገንተኛ ያልሆነ ድርጅት ሰንጠረዦቹን በግልጽ ያወጣል። በቨርጂኒያ ለግዛት ዕጩዎች የሚሰጥ ልገሳ የገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ ይህን ለሚያውቅ ሰው የለጋሾቹ ዝርዝር ከማንኛውም የቅስቀሳ ወረቀት ይልቅ ብዙ ይነግረዋል።

ዕጩዎች ወይም ወኪሎቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ማኅበረሰብ ማእከል ሲመጡ የሚቀርበው ጥያቄ ከሹመቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ኢሚግሬሽን ሕግ መጠየቅ ተገቢ ቢመስልም፣ ሕጉ የሚወጣው በፌዴራሉ ኮንግረስ ስለሆነ ምክትል አገረ ገዥ ሊሰጥበት የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። «ሴኔቱ በደመወዝ ወለል ረቂቅ ላይ 20 ለ20 ቢከፈል እንዴት ይመርጣሉ?»፣ «በቤት ኪራይ ላይስ?»፣ «በሕፃናት መዋያ ድጎማ ላይስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ዕጩውን ቁርጥ ያለ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዱታል።

አምስተኛ ደረጃ፦ መቼና በምን መንገድ እንደሚመርጡ መወሰን

ሦስት መንገዶች አሉ። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው የእኛ ማኅበረሰብ የሚስማማው በአካል ቀርቦ አስቀድሞ መምረጥ ነው። ይህ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ ምርጫው ከሚውልበት ማክሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በአሜሪካ አጠራር 5 ሰዓት ላይ፣ ያበቃል። ለኖቬምበሩ ምርጫ አጀማመሩ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ይውላል፤ ለበዓል ተሰብስቦ የመጣ ቤተሰብ በአንድ መኪና ሄዶ መርጦ ሊመለስ ይችላል። ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። ታክሲ ለሚነዳ፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ለሚሠራ፣ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ላለበት ሰው ስድስት ሳምንት ከአንድ ቀን ይሻለዋል። የምርጫው ዕለት በቨርጂኒያ የመንግሥት በዓል ቢሆንም፣ የግል ድርጅቶች ሠራተኛውን እንዲያሰናብቱ አይገደዱም።

ሁለተኛው በፖስታ መምረጥ ነው። ይህም ምክንያት አይጠየቅበትም፤ ወረቀቱ ግን ምርጫው 11 ቀን እስኪቀረው ድረስ መጠየቅ አለበት። በመመለሻው ፖስታ ላይ መራጩ ይፈርማል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞችና የተወለደበትን ዓመትም ይጽፋል። የልደት ዓመቱ በአሜሪካ ሰነዶቹ ላይ የሰፈረው መሆን አለበት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ወረቀቱን ችግር ውስጥ ይከተዋል። ፖስታው እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከምርጫው በኋላ በሦስተኛው ቀን እስከ እኩለ ቀን መድረስ ይኖርበታል። ከፖስታ ቤት ይልቅ በምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መቀበያ ሣጥን ማስገባት የበለጠ አስተማማኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያ የሚቆይ ዜጋ ወረቀቱ በኢሜይል እንዲላክለት በውጭ አገር ላሉ ዜጎች በተዘጋጀው ቅጽ መጠየቅ ይችላል፤ መመለሻው ጊዜ ስለሚወስድ ግን ወራት አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው በዕለቱ መምረጥ ነው። ጣቢያዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ናቸው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው መምረጥ ስለሚፈቀድለት፣ ሰልፉ ረጅም ነው ብሎ መመለስ አይገባም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መታወቂያ መያዝና ረዳት ማዘጋጀት

የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ፣ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም እንኳ፣ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ይበቃል። የሥራ ቦታ መታወቂያ፣ ስምና አድራሻ ያለበት የቅርብ ጊዜ የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ፣ የባንክ መግለጫም ያገለግላሉ። ምንም ያልያዘ ሰው ማንነቱን በመሐላ የሚያረጋግጥ ቅጽ ፈርሞ ይመርጣል። መታወቂያ ስለረሱ ተመልሰው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቅጹን ቢጠይቁ ኖሮ በመረጡ ነበር።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በአማርኛ አይታተምም። በፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ክፍል የስፓኒሽ፣ የእስያና የጥንታዊ አሜሪካ ሕዝቦችን ቋንቋዎች ብቻ ስለሚመለከት፣ የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር ምንም ያህል ቢበዛ አንቀጹ አይሸፍነውም። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን የዚያው ሕግ ሌላ ክፍል፣ አንቀጽ 208፣ ትልቅ መብት ይሰጣል፦ በዓይነ ሥውርነት፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል ምክንያት እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ፣ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የነፍስ አባት ሊሆን ይችላል። ሊሆን የማይችለው የመራጩ አሠሪ ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ነው። በጣቢያው የእርዳታ ቅጽ ይሞላል፤ ረዳቱም ይፈርምበታል።

ረዳት ሆኖ የሚገባ ሰው ከባድ አደራ ተቀብሏል። ሥራው የተጻፈውን ማንበብ፣ መተርጎምና የመራጩን ፈቃድ መፈጸም ነው። «እማማ፣ እኚህኛው ይሻላሉ» ማለት አይፈቀድለትም፤ ያየውንም ለሌላ ሰው መናገር የለበትም። ክርክሩ ሁሉ ከቤት ሳይወጡ፣ ቡና ላይ ይለቅ። የናሙና ወረቀቱ ከድረ ገጹ ስለሚገኝ፣ አስቀድሞ አትሞ ከአረጋውያኑ ጋር ስም በስም ማንበብ፣ ምልክት የተደረገበትንም ወረቀት ይዞ መግባት ይቻላል።

ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው መራጮች ከመኪናቸው ሳይወርዱ መምረጥ ይችላሉ። ከጣቢያው ውጭ ምልክት የተደረገበት ቦታ አለ፤ አንድ ሰው ገብቶ ቢነግር ሠራተኞቹ ወረቀቱን ይዘው ይወጣሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና አባቶች ይህን ሳያውቁ ስንት ምርጫ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዳለፋቸው ሳስብ ያሳዝነኛል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ወረቀቱን መሙላት

ከመግቢያው በር 40 ጫማ ውስጥ ቅስቀሳ ክልክል ነው፤ ከዚያ ውጭ ቆመው የሚያድሉት ወረቀት የፓርቲ እንጂ የመንግሥት አይደለም። ውስጥ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ከላይ የመጀመሪያው ውድድር የአገረ ገዥው፣ ሁለተኛው የምክትሉ፣ ሦስተኛው የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ነው፤ ቀጥሎ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ይመጣል። የእንግሊዝኛ ንባብ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ ቀላል መለያ አለ፦ የመጀመሪያው ርዕስ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ርዕስ ያንኑ ቃል፣ ከፊቱ ሌላ ረጅም ቃል ጨምሮ፣ ይደግመዋል። ሁለተኛው የምክትሉ ነው።

በቨርጂኒያ አንድ ምልክት አድርጎ ፓርቲውን በሙሉ የሚመርጡበት መንገድ የለም። በየውድድሩ ለየብቻ ሞላላውን ክብ በተሰጠው እስክሪብቶ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ያስፈልጋል፤ የራይት ምልክት (✓) ማድረግ ወይም ዙሪያውን ክብ መሳል ማሽኑን ሊያሳስተው ይችላል። በአንድ ውድድር ሁለት ስም ከጠቆረ የዚያ ውድድር ድምፅ አይቆጠርም። የተሳሳተ ሰው ሰርዞ ከማስተካከል ይልቅ ወረቀቱን መልሶ አዲስ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየትም መረሳት የለበትም። ከዚያም መራጩ ራሱ ወደ መቁጠሪያው ማሽን ያስገባዋል።

ስሙ መዝገብ ላይ ያልተገኘ ወይም ሌላ ጥያቄ የተነሣበት መራጭ ዝም ብሎ አይውጣ፤ ፕሮቪዥናል ወረቀት ይጠይቅ። የሚሰጠውን ማስታወሻም ያስቀምጥ፤ ተጨማሪ ሰነድ ከተፈለገ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ማቅረብ ይችላል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከድምፅ በኋላ

በምሽቱ የሚነገረው ውጤት ጊዜያዊ ነው፤ በፖስታ የመጡና ፕሮቪዥናል ወረቀቶች በቀጣዮቹ ቀናት ተጣርተው ይጨመራሉ። በፖስታ የመረጠ ሰው ወረቀቱ መድረሱን በድረ ገጹ መከታተል አለበት፤ ፊርማ ወይም ሌላ ነገር ጎድሎ ከተገኘ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ድረስ ማስተካከል ይፈቀድለታል።

በሁለቱ ዕጩዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 በመቶ ካልበለጠ የተሸነፈው ዳግም ቆጠራ መጠየቅ ይችላል፤ ከግማሽ በመቶ ካልበለጠ ደግሞ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2005 ዓ.ም. ቦሊንግ በተመረጡበት በዚያው ዕለት፣ በወረቀቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ የነበረው የጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፉክክር፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ በዳግም ቆጠራ የተለየው በ360 ድምፅ ነበር። በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት አብያተ ክርስቲያኖቻችን በአንዱ እሑድ ጠዋት ከሚሰበሰበው ሕዝብ ያነሰ ቁጥር ነው። ቀጣዩ የምክትል አገረ ገዥ ምርጫ ኖቬምበር 6 ቀን 2029 ይውላል፤ ምዝገባን ማየት፣ የስም አጻጻፍን ማስተካከልና ለእማማም ረዳት ማዘጋጀት ከዛሬ ጀምሮ የሚቻል ሥራ ነው።